ከፊዚክስ የተነሳ አብስትራክት ፎቶ እቤት ውስጥ እንዴት ላንሳ?

ሞገድ፦
ሰላም ናችሁ ቤተሰብ። ያለኝ አንድ ካኖንና አብሮት የመጣው ሌንስ ነው፣ ፊዚክስ ደግሞ ከድሮም እወዳለሁ። ብርሃን ወይ ስበት የሰራው፣ ግን ምን እንደሆነ ቶሎ የማይለይ፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ፎቶ ማንሳት ፈልጌ ነው። በፎቶሾፕ የተፈጠረ አልፈልግም፣ ካሜራው በትክክል ያየው እንዲሆን ነው። ከየት ልጀምር?

ማክሮ_ወዳጅ፦
ፖላራይዘር ፊልተር (በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገበውን ብርሃን ብቻ የሚያሳልፍ መስታወት) ካለህ ዛሬ ማታ ጀምር ወንድሜ። የላፕቶፕህ ስክሪን ኤልሲዲ ከሆነ የሚወጣው ብርሃን ራሱ ፖላራይዝድ ነው፣ ማለት በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚርገበገበው፣ ስለዚህ ባዶ ነጭ ገጽ ክፈትና ፊት ለፊቱ ግልጽ የሆነ ፕላስቲክ ያዝ፣ ማስመሪያ በለው የሲዲ ማቀፊያ በለው የፕላስቲክ ሹካ፣ ከዛ ሌንሱ ላይ ያለውን ፊልተር ስክሪኑ ጥቁር እስኪሆን ቀስ እያልክ አዙረው። ስክሪኑ ይጠቁራል ፕላስቲኩ ግን ሮዝ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል። ፋብሪካ ውስጥ ቀልጦ ሻጋታ ሲገባ ውስጡ የቀረው ውጥረት ነው ቀለም ሆኖ የሚታየው፣ ለዛ ነው የሹካው ጥርስ ስር መስመሮቹ ጥቅጥቅ የሚሉት። ማስመሪያውን በእጅህ ትንሽ ብታጎብጠው ቀለሙ እያየኸው ይንቀሳቀሳል። መሐንዲሶች ኮምፒውተር ሳይመጣ በፊት የድልድይ ሞዴል በፕላስቲክ ሰርተው ጫናው የት እንደሚበዛ የሚያዩት በዚሁ መንገድ ነበር።

ሞገድ፦
ዋው! ፊልተሩ የለኝም ግን፣ ፖላራይዝድ መነፅር ይሆናል?

ማክሮ_ወዳጅ፦
ይሆናል፣ ሌንሱ ፊት አስጠግተህ አዙረው።

ጨለማ_ክፍል፦
እኔ ፔንዱለም ነው የምለው፣ ምክንያቱም እዛ ላይ የሚስለው ስበቱ ራሱ ነው። ክፍሉን አጨልም፣ ካሜራውን ወለል ላይ ወደ ኮርኒሱ አዙረህ አስቀምጥ፣ ትንሽዬ ኤልኢዲ በክር አንጠልጥልና ፎከሱን እሱ ላይ ቆልፈህ ግፋው፣ አይኤስኦ 100፣ ኤፍ 8፣ ሻተሩ ደግሞ 30 ሰከንድ ክፍት ይሁን። ክሩ አንድ ብቻ ከሆነ እየጠበበ የሚሄድ ሞላላ ነው የምታገኘው። ከላይ ሁለት ቦታ አስረህ ወደ ታች አንድ ላይ ከቋጠርከው ግን የግራ ቀኙና የፊት ኋላው ውዝዋዜ ፍጥነታቸው ይለያያል። ከቋጠሮው እስከ መብራቱ ያለው ከጠቅላላው ቁመት ሩብ ከሆነ አንዱ የሌላውን እጥፍ ይፈጥንና 8 ቁጥር የመሰለ ይወጣል። ሊሳዡ የሚባለው ፈረንሳዊ በ1850ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በድምፅ ሹካ (ሲመታ የሚርገበገብ ባለሁለት ጣት ብረት) እና በመስታወት ያሳየው ቅርፅ ነው። ቋጠሮውን ትንሽ ከፍ ዝቅ ስታደርገው ደሞ 8ቱ ራሱ ላይ አልገጥምም ብሎ እየዞረ መረብ ይሰራል፣ ለኔ ቆንጆው እሱ ነው።

ጥቁርና_ነጭ፦
ሁለቱም አሪፍ ነው ግን ቀለም አያታልልህ። አሜሪካዊቷ ፎቶ አንሺ በረኒስ አቦት ከ1958 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ለተማሪዎች የፊዚክስ መማሪያ ስታነሳ የምትነጥር ኳስና የውሃ ሞገድ በጥቁርና ነጭ ነው የሰራችው፣ ለክፍል የተነሳ ሆኖ እስካሁን እንደ አርት የሚታየው ፍሬሙ ውስጥ ትርፍ ነገር ስለሌለ ነው። ሹካው ሹካ መሆኑ እንዳይታወቅ በደንብ ጠጋ በል፣ ጠርዙን ከፍሬም አውጣው። ማክሮ ሌንስ (በጣም ተጠግቶ የሚያነሳ) ከሌለህ ኤክስቴንሽን ቲዩብ፣ ካሜራውና ሌንሱ መሃል የሚገባው ባዶ ቱቦ፣ ይበቃሃል።

ማክሮ_ወዳጅ፦
ጠጋ በል ያልከው ልክ ነው። ጥቁርና ነጩ ግን ለፔንዱለሙ እንጂ ለፕላስቲኩ አይሆንም፣ ውጥረቱ የት እንደበዛ የሚናገረው እኮ ቀለሙ ነው።