ተራ ተኩላ ሌቭል 5 የገባ ቡድን ላይ እንዴት ነው የሚያስፈራው?

ዳይስ_ወርዋሪዋ፦
ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ዲኤም (ጨዋታውን የሚመራው ሰው) መሆን ከጀመርኩ ገና ጥቂት ወር ነው፣ 4 ተጫዋቾች አሉኝ ሁሉም ሌቭል 5 ገብተዋል፣ የምንጫወተው የዲኤንድዲን (በዳይስ የሚጫወቱት የታሪክ ጨዋታ ነው) አምስተኛ እትም ነው በፈረንጆቹ የ2014ቱን። ባለፈው ጫካ መሃል 8 ተኩላ አወጣሁባቸው፣ ሌሊት ነው፣ ጭጋግ ነው፣ ጩኸታቸውን ራሴ እየጮህኩ ነው ያሰማኋቸው፣ በጣም ተዘጋጅቼበት ነበር። ኢኒሼቲቭ (ማን እንደሚቀድም የሚወስነውን ዳይስ) ጣልን፣ ዊዛርዱ (አስማተኛው) ቀደመ፣ አንድ ፋየርቦል (ሰፊ ቦታ የሚያቃጥል የእሳት አስማት) ለቀቀ፣ አለቀ። ተኩላ 11 ኤችፒ (የሕይወት ነጥብ) ነው ያለው፣ ፋየርቦል ደግሞ በአማካይ 28 ይመታል፣ ሴቩን (ከጉዳት ለማምለጥ የሚጣለውን ዳይስ) ቢያልፍ እንኳ ግማሹ 14 ነው ስለዚህ ያው ይሞታል። 6ቱ እዛው ቀሩ፣ ሁለቱን ፋይተሩ (ተዋጊው) ጨረሳቸው።

እነሱ ደስ ብሏቸዋል እኔን ግን ከፍቶኛል፣ ምክንያቱም የሚቀጥለው የታሪኩ ክፍል በሙሉ ምድረ በዳና ወንዝ ነው፣ ድራጎን ምናምን የለበትም፣ እንስሳ እንዲፈሩ ነው የምፈልገው። ኤችፒያቸውን ልጨምር? በዳየር ዎልፍ (በግዙፉ ተኩላ) ልቀይራቸው? ወይስ ከዚህ ሌቭል በኋላ ተራ እንስሳ አበቃለት ማለት ነው?

የሌሊት_ዘብ፦
ኤችፒ አትጨምሪ እህቴ፣ በዳየር ዎልፍም አትቀይሪያቸው፣ እሱም 37 ኤችፒ ነው፣ በሁለት ፋየርቦል ያልቃል። ችግሩ ተኩላዎችሽ እንደ ወታደር ተሰልፈው መምጣታቸው ነው፣ 8ቱም ባንዴ፣ ባንድ አቅጣጫ፣ ተጠጋግተው። ተኩላ እንደዛ አያድንም። ይከተላል፣ ያያል፣ ትንሽ ያስሮጣል፣ የሚያነክሰው የቱ ነው ወደኋላ የሚቀረው የቱ ነው ብሎ ይለያል፣ ቆሞ የሚጋፈጠውን ትቶ የሚሸሸውን ይይዛል። አብዛኛው አደኑ እኮ ሳይሳካለት ነው የሚቀረው፣ ስለዚህ ትቶ መሄድ ለሱ ሽንፈት አይደለም፣ እግሩን የተሰበረ ተኩላ በረሃብ ነው የሚሞተው።

እኔ 6 ተኩላ ብቻ ይዤ ሦስት ቀን አስኬድኩት። የመጀመሪያው ሌሊት ውጊያ የሚባል ነገር የለም። ችቦ 20 ጫማ ድረስ ደማቅ፣ ከዛ ሌላ 20 ጫማ ደብዛዛ ብርሃን ነው የሚሰጠው አይደል፣ እነሱ ከዛ ወጣ ብለው ነው የሚዞሩት። ዘብ ላይ ያለችው ሮግ (በስውር የምትሠራዋ) አንድ ጥንድ ዓይን ሲያበራ አየች፣ ከዛ ሌላ ጥንድ በሌላ በኩል፣ ቀስት ወረወረች ጠፉ፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ በቅሎዋ መፈራገጥ ጀመረች። ዊዛርዱ ፋየርቦል ለቀቀ፣ የተበታተኑ ስለሆኑ አንዱን ብቻ ነው ያገኘው፣ ሌቭል 5 ዊዛርድ ደግሞ ለፋየርቦል የሚያስፈልገው የሦስተኛ ሌቭል ስሎት (አስማት የመልቀቅ ዕድል) ያለው 2 ብቻ ነው፣ አንዱን ለአንድ ተኩላ አወጣው ማለት ነው።

ሁለተኛው ሌሊት ማንም አልተኛም። ሎንግ ረስት (የሌሊት ሙሉ እረፍት) ከሌለ ስፔል (አስማት) አይመለስም፣ ያለ ሎንግ ረስት 24 ሰዓት ሲሞላ ደግሞ ዲሲ (በዳይስ መድረስ ያለበት ቁጥር) 10 የኮንስቲቲዩሽን (የሰውነት ጽናት) ሴቭ አስጣልኳቸው፣ የወደቀ ኤግዞስሽን (ድካም) ይይዘዋል፣ በሚቀጥለው ዲሲው 15 ይሆናል። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው፣ ማንም አልተነከሰም ግን ሁሉም ደክሟል። ሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ በጠባብ ሸለቆ ሲያልፉ ከኋላ የነበረውን ክሌሪክ (የቡድኑን ካህን) አራቱ ባንዴ ያዙት። ፓክ ታክቲክስ (በመንጋ የማጥቃት ችሎታ) ስላላቸው አጠገቡ ሌላ ተኩላ ካለ ንክሻው በአድቫንቴጅ (ዳይሱ ሁለቴ ተጥሎ የተሻለው ይወሰዳል) ነው፣ ከያዘ ደግሞ ዲሲ 11 የስትሬንግዝ (የጉልበት) ሴቭ፣ ካልቻለ መሬት። አሁን ፋየርቦል ይልቀቁ? ክሌሪኩ መሃላቸው ነው ያለው።

ከወንዙ_ማዶ፦
በላይኛው እስማማለሁ፣ ወንዝ ካልሽ ግን አዞ አለልሽ። በስታቱ (በጨዋታው ቁጥሮች) ከተኩላ ብዙም አይሻልም 19 ኤችፒ ነው፣ ግን 15 ደቂቃ ትንፋሹን ይይዛል፣ ሲነክስ ደግሞ ጨምድዶ ይይዛል፣ ለመላቀቅ ዲሲ 12 ነው። እኔ ጋ ወራጁ እንዳይወስዳቸው ሁሉም ባንድ ገመድ ተያይዘው ነው የተሻገሩት፣ መጨረሻ ላይ በቅሎዋ ታስራለች። ውሃው ድፍርስ ነው ምንም አያሳይም። አዞው ሰው አልነካም፣ በቅሎዋን ነው የያዛት፣ ከዛ ገመዱ ተወጠረ፣ ከበቅሎዋ ፊት የነበረው ሮግ ሰመጠ፣ ከሱ ፊት የነበረችው ፋይተር ወገቧ ድረስ የነበረው ውሃ አንገቷ ደረሰ። ውሃ ውስጥ ሲዋጉ ዋና ስፒድ የሌለው ሰው በረጅም ሰይፍ ዲስአድቫንቴጅ (የአድቫንቴጅ ተቃራኒ፣ የባሰው ዳይስ ይወሰዳል) ነው፣ ጩቤና ጦር ግን ይሠራሉ፣ ሙሉ በሙሉ የሰመጠን ነገር ደግሞ እሳት የሚጎዳው ግማሹን ነው፣ ስለዚህ ፋየርቦሉም ያን ያህል አልረዳቸውም። አንድ አዞ ነው ይሄን ሁሉ ያደረገው። በመጨረሻ ፋይተሯ ምን ብትል ጥሩ ነው፣ አዞ መንጋጋውን የሚዘጋበት ጡንቻ እንጂ የሚከፍትበት ደካማ ነው አይደል ብላ አፉን በገመድ ማሰር እችላለሁ ወይ አለችኝ፣ እውነት ስለሆነ ፈቀድኩላት፣ እስከዛሬ የሚያወሩት እሱን ነው።

ጉማሬም አትርሺ። የ2014ቱ መጽሐፍ ላይ ስታት ስለሌለው የዝሆኑን 76 ኤችፒ ወስጄ ነው የተጠቀምኩት። ማታ ሳር ሊግጥ ይወጣል፣ በሱና በውሃው መሃል የቆመ ሰው ነው የሚጠቃው። የብስ ላይ በሰዓት 30 ኪሎሜትር ገደማ ይሮጣል፣ አንድ ራውንድ (የውጊያ ዙር) 6 ሰከንድ ነው፣ ሲሰላ 50 ሜትር ነው፣ ሰው ዳሽ አድርጎ (ተራውን ለሩጫ ብቻ ተጠቅሞ) 60 ጫማ ማለትም 18 ሜትር ነው የሚሄደው። ተጫዋቾቹ እንሩጥ ሲሉ ይሄን ሂሳብ ነገርኳቸው፣ ጠረጴዛው ጸጥ አለ።

የድሩይድ_ልጅ፦
እኔ በተጫዋችነት ነው የምናገረው፣ ድሩይድ (የተፈጥሮ አስማተኛ) ነኝ፣ ሁሉም የጻፋችሁት ደስ ይላል ግን አንድ ነገር ቅር ይለኛል፣ እንስሳው ሁሉ ሰው በላ ከሆነ ለኔ ካራክተር ምንም ቦታ የለውም። ዲኤሙ እንስሳውን ለምን እንደመጣ ካላወቀ ስፒክ ዊዝ አኒማልስ (ከእንስሳ ጋር የሚያነጋግረውን አስማት) ብዬ ሳናግረው የሚመልስልኝ ነገር የለውም። ርቦት ነው? ግልገል አላት? ቆስሎ ነው? ይሄ ከታወቀ የሚያቆመውም ነገር ይታወቃል፣ ስጋ ተጥሎለት የሚሄድ አለ፣ መንገድ ሲለቀቅለት የሚሄድ አለ፣ ግልገሏን ይዘሽ እያለ ግን ምንም ብታደርጊ የማትሄድ አለች። በፈረንጆቹ 1981 በወጣው ቤዚክ (የዲኤንድዲ የድሮ እትም) ላይ እኮ ሞራል የሚባል ነገር ነበር፣ ከመሃላቸው የመጀመሪያው ሲሞትና ግማሾቹ ሲያልቁ 2ዲ6 (ሁለት ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ) ይጣላል፣ ከሞራል ቁጥራቸው ከበለጠ ይሸሻሉ። መልሱት፣ በጣም ይሠራል።

እና ሰው በላ ካስፈለገ አንድ ይበቃል። ህንድ ውስጥ ሩድራፕራያግ አካባቢ አንድ ነብር በፈረንጆቹ ከ1918 እስከ 1926 ከ125 ሰው በላይ ገድሏል፣ ሌሊት ቤት ድረስ እየገባ፣ ጂም ኮርቤት የሚባል አዳኝ እስኪገድለው ድረስ 8 ዓመት። አንድ ተራ ነብር ነው፣ መንጋ አይደለም፣ መንደሩ በሩን ዘግቶ ነው የሚያመሸው። እንደዛ ዓይነት ታሪክ ውስጥ ግቡ ብትይን እኔ በደስታ ነው የምመጣው።

ዳይስ_ወርዋሪዋ፦
እናንተዬ በጣም ነው የማመሰግነው፣ እየደጋገምኩ ነው ያነበብኩት። አንድ የሚያሳስበኝ ዊዛርዱ ነው፣ ስፔሉ እንዳይሠራ ሆን ብዬ ያደረግኩበት ይመስለው ይሆን?

የሌሊት_ዘብ፦
ፋየርቦሉ ይሥራ እንጂ፣ አንድ ሁለቴ ተኩላዎቹን ተጠጋግተው እንዲያገኛቸው አድርጊ፣ የተረፉትም ለሁለት ቀን ይራቁ። እሳቱን እንደፈሩ ካየ እሱም ደስ ይለዋል። ግን የተቃጠለ ስጋ ሽታ ሌላ ነገር ሊጠራ ይችላል፣ ጅብ ለምሳሌ።

ዳይስ_ወርዋሪዋ፦
ወይኔ ጅቡን አላሰብኩትም፣ ይገባል። ከወንዙ ማዶ፣ ገመዱን ግን አንተ ነህ ታሰሩ ያልካቸው?

ከወንዙ_ማዶ፦
አይ ራሳቸው ናቸው። እኔ ወራጁ ኃይለኛ ነው ብቻ ነው ያልኩት።