ፉትቦል ተጫዋች የነበረ ሰው እንዴት የስቴት ሱፕሪም ኮርት (ጠቅላይ ፍርድ ቤት) ዳኛ ይሆናል?

የሚኒሶታው አባት፦
ሰላም ናችሁ ወገኖች። ሚኒያፖሊስ ነው ያለሁት፣ ልጄ ዘንድሮ ጀስቲስ ፔጅ ሚድል ስኩል ገባችና ትምህርት ቤቱ በስሙ ስለተሰየመው ሰውዬ ጽፋችሁ ኑ ተብለው እኔን ትጠይቀኛለች። እኔ የማውቀው ድሮ ለቫይኪንግስ፣ ለሚኒሶታው የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን፣ ይጫወት እንደነበር ብቻ ነው፣ እሱንም ሥራ ቦታ ትልልቆቹ ሲያወሩ ሰምቼ ነው። ከፉትቦል ተነስቶ እንዴት ሱፕሪም ኮርት ይገባል? ደሞ ሌላ ያልገባኝ ነገር፣ ዜግነት አግኝቼ መጀመሪያ የመረጥኩ ጊዜ ወረቀቱ ላይ ወደ ታች የዳኞች ስም አየሁና ግራ ገብቶኝ ባዶውን ትቼው ወጣሁ። ዳኛ በድምፅ ይመረጣል እንዴ? እባካችሁ የምታውቁ ንገሩኝ፣ ለልጄ የማይሆን ነገር መንገር አልፈልግም።

አስተርጓሚዋ፦
ወንድሜ እንኳን ጠየቅህ፣ እኔ ፍርድ ቤት ውስጥ በአስተርጓሚነት ስለምሠራ የእሳቸውን ታሪክ በጣም ነው የምወደው። አለን ፔጅ በፈረንጆቹ 1945 ካንተን ኦሃዮ ነው የተወለዱት። ልጅ እያሉ እዛው ከተማቸው የፉትቦል ሆል ኦፍ ፌም (የዝነኛ ተጫዋቾች መታሰቢያ ሙዚየም) ሲገነባ የቀን ሥራ ሠርተዋል፣ በኋላ 1988 ላይ እዛው ሕንፃ ውስጥ ስማቸው ገባ፣ ይሄንን ለልጅህ ንገራት። ቫይኪንግስ የገቡት 1967 ነው፣ 1971 ላይ የሊጉ ኮከብ ተባሉ፣ ያንን ሽልማት ተከላካይ ሆኖ ያገኘ የመጀመሪያው ሰው ናቸው።

አሁን ዋናው ነገር፣ ሕጉን የተማሩት ኳሱን ካቆሙ በኋላ እንዳይመስልህ። እየተጫወቱ ነው የተማሩት፣ 1978 ከሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ሎው ስኩል ሲመረቁ ገና ተጫዋች ናቸው፣ እስከ 1981 ድረስ ተጫውተዋል። መጀመሪያ ሌላ ሎው ስኩል ገብተው በሦስት ሳምንት ትተውት ወጥተው ነበር፣ ከዓመታት በኋላ ነው እንደገና የጀመሩት፣ እና እኔ በበኩሌ ከዋንጫው ሁሉ ይሄ ነው የሚበልጥብኝ። ከዛ ጥብቅና ሠሩ፣ ከ1985 ጀምሮ ደሞ በስቴቱ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ነበሩ።

ምርጫውን በተመለከተ፣ አዎ ሚኒሶታ ውስጥ ዳኛ ይመረጣል። ሱፕሪም ኮርቱ ሰባት ዳኛ ነው ያለው፣ የሥራ ዘመናቸው ስድስት ስድስት ዓመት ነው፣ የፓርቲ ስም አይጻፍባቸውም። ግን አንድ ዳኛ መሀል ላይ ከለቀቀ ገዢው (ገቨርነሩ) ነው የሚሾመው፣ ስለዚህ አብዛኞቹ በሹመት ገብተው በኋላ ነው ምርጫ የሚቀርቡት። ፔጅ ግን በቀጥታ በምርጫ ነው የገቡት፣ እሱም በክስ ነው! 1992 ላይ ገቨርነሩ የነባሩን ዳኛ ጊዜ አራዝሞ ምርጫው ሊቀር ሲል እሳቸው ከሰሱ፣ የሱፕሪም ኮርቱ ዳኞች ጉዳዩ ራሳቸውን ስለሚነካ ሌሎች ዳኞች ተተክተው አዩት፣ ፔጅ ረቱ፣ ከዛ ምርጫውንም አሸነፉ። በዛ ፍርድ ቤት የመጀመሪያው ጥቁር ዳኛ ናቸው። 1998፣ 2004፣ 2010 ደጋግመው ተመርጠው 2015 ላይ 70 ዓመት ሲሞላቸው ወጡ፣ ሕጉ ከዛ በላይ አያስቀምጥም።

ኦክላንድ፦
ታሪኩ ደስ ይላል ግን ዳኛን ሕዝብ ይምረጥ የሚለው እኔን ያስፈራኛል። እዚህ ካሊፎርኒያ ሮዝ በርድ የምትባል ነበረች፣ 1977 ተሹማ የሱፕሪም ኮርቱ የመጀመሪያ ሴት ዳኛ፣ እሱም በፕሬዝዳንትነት። የሞት ፍርድ ጉዳዮች ላይ ስትወስን ሰው ተቆጣባትና 1986 ላይ ከሁለት ባልደረቦቿ ጋር በድምፅ ተባረሩ። ዳኛ ፍርድ ከመስጠቱ በፊት ለቀጣዩ ምርጫ የሚጨነቅ ከሆነ ደካማው ሰው ነው የሚጎዳው፣ በተለይ እንደኛ ያለው ስደተኛ።

ከባሕር ዳር፦
ለማነጻጸር ያህል ልጨምር፣ እኛ ጋ የክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዝዳንት በርዕሰ መስተዳድሩ አቅራቢነት በክልሉ ምክር ቤት ነው የሚሾመው፣ ሌሎቹን ዳኞች ደሞ የዳኞች አስተዳደር ጉባኤ አቅርቦ ምክር ቤቱ ይሾማል። ሕዝቡ ድምፅ አይሰጥም። ሕግ ስማር በሹመት ይሻላል ብዬ ነበር የምከራከረው፣ አሁን ግን የፔጅን ክስ ሳነብ ትንሽ ተወዛገብኩ፣ ምክንያቱም ሹመት ብቻ ቢሆን ኖሮ ያ ሰው በዛ በር አይገባም ነበር።

አስተርጓሚዋ፦
@ኦክላንድ ስጋትህ ይገባኛል፣ እኔም ቢሆን ዳኛ ብር ሲለምን ማየት አልፈልግም። ግን ባዶውን ትቶ መውጣት መፍትሔ አይደለም፣ የኛ ሰው ስንቱ ነው እንደዛ የሚያደርገው።

የሚኒሶታው አባት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ እህቴ፣ ሁላችሁንም። ለልጄ ስነግራት የቀን ሥራውን ስትሰማ «እንዳንተ?» አለችኝ፣ እኔም መጀመሪያ እዚህ ስመጣ ኮንስትራክሽን ነበርኩ። ጽሑፏን ከዛ ነው የጀመረችው። ት/ቤቱ ድሮ በሌላ ሰው ስም ይጠራ እንደነበርም ነግረዋታል። አንድ ጥያቄ ብቻ፣ የዳኞቹን ስም ከምርጫው ቀን በፊት ማየት ይቻላል?

አስተርጓሚዋ፦
የት/ቤቱ ስም አዎ 2017 ነው የተቀየረው፣ ተማሪዎቹ ራሳቸው ገፋፍተው። የዳኞቹን ስም ማየት ደሞ ይቻላል፣ የስቴቱ ሴክሬታሪ ኦፍ ስቴት (ምርጫውን የሚያስተዳድረው ቢሮ) ዌብሳይት ላይ አድራሻህን ስታስገባ የምትመርጥበትን ወረቀት ናሙና ያሳይሃል፣ ዳኞቹ ወደ መጨረሻው ናቸው። ልጅህ ደሞ ኮሌጅ ስትደርስ የፔጅ ፋውንዴሽንን ስኮላርሺፕ ትሞክር፣ ከ1988 ጀምሮ ያለ ነው፣ ገንዘቡን የሚያገኙት ትንንሽ ልጆችን እያስጠኑ ነው።