ያረጀ ሺራዝ እንዴት ነው የሚከፈተው? ከዶሮ ወጥ ጋርስ ይሄዳል?

የፉትስክሬዩ፦
ሰላም ወገኖች፣ እዚህ ሜልቦርን ነው ያለሁት፣ አለቃዬ ጡረታ ሲወጣ አንድ ጠርሙስ የባሮሳ ሺራዝ የሚሉት የአውስትራሊያ ቀይ ወይን ሰጠኝ፣ 2004 ይላል በፈረንጅ፣ "ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አስተኝቼ ያቆየሁት ነው ዝም ብለህ እንዳትጨልጠው" ብሎኝ ሄደ። እኔ ደሞ ወይን ሲባል የማውቀው ጉደርና አክሱማይት ነው፣ እሱንም በኮካ 😅 ብርሃን ላይ ሳየው ጥቁር ነገር ጎኑ ላይ ተጋግሯል፣ ተበላሽቶ ይሆን? ለፋሲካ ከዶሮ ወጥ ጋር ልከፍተው አስቤ ነበር፣ ባለቤቴ ከአሁኑ ፍሪጅ ከታዋለች። የምታውቁ በናታችሁ።

ቡሽ ነቃይ፦
ኧረ ከፍሪጅ አውጣው! ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ይበቃዋል። ጥቁሩ ነገር ብልሽት አይደለም፣ አምቡላ በለው። ቀይ ወይን ሲቆይ ቀለሙና ያ አፍ የሚያደርቀው ታኒን የሚሉት ነገር እርስ በርስ እየተያያዘ ይከብድና ይዘቅጣል፣ ያረጀ ወይን ቀለሙ ሳስቶ አፍ ላይ የሚለሰልሰው ለዛ ነው። ከመክፈትህ በፊት አንድ ሁለት ቀን ጠርሙሱን ቀጥ አድርገህ አቁመው፣ አምቡላው ታች ይውረድ። ቡሹ ሊፈረፈር ስለሚችል ሳትጣደፍ ሳበው፣ ከዛ የስልክህን መብራት ከጠርሙሱ አንገት ስር ይዘህ ሳታቋርጥ ወደ ጆግ ገልብጠው፣ አምቡላው አንገቱ ጋ ሲደርስ አቁም። መሀል ላይ ጠርሙሱን ቀና ካደረግከው ይደፈርስብሃል። ሰዓታት ሙሉ አየር ይምታው የሚሉህን ደሞ አትስማ፣ እሱ ለወጣት ወይን ነው፣ የሽማግሌው ሽታ ቶሎ ነው የሚበነው።

ሰላማዊት፦
ዶሮ ወጥ??? በፍጹም! በርበሬው የአልኮሉን ማቃጠል ያብስበታል፣ ስንት ዓመት የተጠበቀው ሽታም ድምጥማጡ ይጠፋል። ዶሮውን በጠጅ ብላና ሺራዙን ማታ ከበግ ጥብስ ጋር፣ ያለ ሚጥሚጣ። ብርጭቆው ሲሶው ብቻ ይቀዳ፣ ነጭ ወረቀት ላይ ዘንበል አድርገህ ጠርዙን እይ፣ ወደ ሸክላ ቀለም ከሄደ አርጅቷል ማለት ነው። ከዛ አሽትተው፣ ቆዳ፣ ትምባሆ፣ የደረቀ በለስ፣ አፈር አፈር የሚል ነገር ካገኘህ እሰየው፣ የረጠበ ካርቶን ከሸተተህ ግን ቡሹ አበላሽቶታል። አንዴ ጎንጨት ብለህ ከሩብ ሰዓት በኋላ ድገመው፣ ሌላ ወይን ይሆንብሃል።

ዝዋይ ልጅ፦
ኮካውን እንዳትረሳ 😂 ስቀልድ ነው። የኛ ሪፍት ቫሊ ሲራህም እኮ ያው የሺራዝ ዘር ነው፣ ግን ለማስረጀት አልገዛውም፣ በጊዜው ነው የሚጠጣው። ስለማስቆየት ካነሳን ፔንፎልድስ የሚባለው የአውስትራሊያ ወይን ድርጅት ጠማቂ ማክስ ሹበርት በፈረንጅ 1951 ግሬንጅ የሚባለውን ሺራዝ ሲጀምር የቀመሱት ሁሉ አጣጣሉበት፣ በ1957 አለቆቹ አቁም አሉት፣ እሱ ግን ደብቆ መጥመቁን ቀጠለ፣ የመጀመሪያዎቹ ጠርሙሶች ሲበስሉ እነዛው ሰዎች ቀምሰው ቀጥል አሉት። ወጣት ሺራዝ ጉልበተኛ ነው፣ ጊዜ ካልሰጠኸው አይገራም።

የፉትስክሬዩ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም፣ ከፍሪጅ ወጥቷል። ግን ቡሽ ቡሽ ስትሉ ሄጄ ባየው ይሄኛው እንደ ውሃ ፕላስቲክ የሚዞር የቆርቆሮ ክዳን ነው ያለው፣ ርካሽ ነው ማለት ነው?

ቡሽ ነቃይ፦
ኧረ አይደለም፣ አውስትራሊያኖቹ ጥሩ ጥሩውንም በሱ ነው የሚከድኑት፣ የካርቶን ሽታውንም ብዙ አትፈራም። አምቡላው ግን አለና አቁመው፣ የበጉ ጥብስ ቀን ደሞ አድራሻህን በኢንቦክስ ላክልኝ።