ጥቆማ፦ ሃራጁኩ ላይ የሎሊታ ቀሚስ ከየት ልግዛ? አዲስ ወይስ ሰልባጅ?

መንገደኛዋ (ጠያቂ)
ሰላም ቤተሰብ። ለአጭር ስልጠና ቶኪዮ ልሄድ ነው። ዋሽንግተን ያለችው ታናሽ እህቴ ሎሊታ የሚባለውን የጃፓን አለባበስ ትወዳለች። ያ ዳንቴል የበዛበት፣ ከወገብ በታች እንደ ደወል የሚሰፋው ቀሚስ። ለልደቷ አንድ ልገዛላት ነው። ሃራጁኩ በሚባለው የቶኪዮ የፋሽን ሰፈር ሁለት ቦታ ተጠቁሜያለሁ፦ ላፎሬ ሃራጁኩ ሕንፃ ውስጥ ያሉት የብራንድ ሱቆች እና ክሎዜት ቻይልድ የሚባለው ሰልባጅ ቤት። የቱ ይሻላል? «ሃራጁኩ ድሮ ቀረ፣ አትልፊ» ያለኝ ሰውም አለ። እዚያ ያላችሁ ንገሩኝ።

ቤቢ ብቻ
ቤቢ ዘ ስታርስ ሻይን ብራይት። ሌላ አትጠይቂ። ከ1988 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለ የሎሊታ ልብስ ቤት ነው። ዳንቴሉን ብቻ አይተሽ ትለዪዋለሽ።

የካትሱሺካ ነዋሪ
እህቴ፣ ከአሁኑ እንኳን ደህና መጣሽ። ስትመጪ እኛ ሰፈር ዮትሱጊ ብቅ በይ፣ ሐበሻ አታጪም።
ስለ ሃራጁኩ «ድሮ ቀረ» ያለሽ ሰው ግማሹን ልክ ነው። ድሮ እሁድ እሁድ መንገዱ ለመኪና ተዘግቶ ለእግረኛ ይለቀቅ ነበር። ወጣቱ ለብሶ የሚወጣው፣ የሚተያየው እዚያ ነው። ያ በ1998 (እ.ኤ.አ.) ቀረ። ከዚያ በኋላም ጣቢያው አጠገብ ያለው ድልድይ ላይ ይሰበሰቡ ነበር። በ2008 ኤችኤንድኤም፣ በ2009 ፎሬቨር 21 ሰፈሩ ውስጥ ገቡ። ርካሽ ልብስ በየበሩ ሆነ። ፍሩትስ የሚባለው መጽሔት እኮ ከ1997 ጀምሮ የመንገድ ላይ ልጆችን ፎቶ ሲያነሳ ኖሮ በ2017 አቆመ። አዘጋጁ ሾይቺ አኦኪ ፎቶ የሚነሳ ልጅ ጠፋ ብሎ ነው ያቆመው። ኬራ የሚባለው የፋሽን መጽሔትም፣ የጎቲክና የሎሊታ መጽሔቱም በዚያው ዓመት መታተም አቆሙ።
ግን ልብሱ አልጠፋም። ሰዉ ነው ከመንገድ የገባው። አሁን ሻይ ቤት ተቀጣጥረው ነው የሚለብሱት፣ ፎቶውም ስልክ ላይ ነው። ታኬሺታ በሚባለው የሃራጁኩ መንገድ ላይ የምታዪው ሕዝብ ደግሞ አብዛኛው ቱሪስት ነው። እሱን አይተሽ ተስፋ እንዳትቆርጪ። ሱቆቹ ፎቅ ላይና ምድር ቤት ናቸው።

አንዴ የተቃጠለች
ሰልባጅ እንዳትገዢ! እኔ በወኪል በኩል ከኢንተርኔት አዘዝኩ። «በጥሩ ሁኔታ ላይ ያለ» ይላል። ሲመጣ ሲጋራ ሲጋራ ይሸታል፣ ብብቱ ቢጫ ሆኗል፣ አንዱ ሪባን የለም። ወኪሉን ብጠይቀው «እኛ አድራሽ ነን» አለኝ። የላኩበት ገንዘብ ከቀሚሱ ዋጋ በለጠ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ጎቲክ ወዳጅ
ውይ! ሱቁ ማነው? ስሙን ጻፊ እንጂ ሌላው እንዳይሸወድ።

አንዴ የተቃጠለች
ስም አልጠራም። ብቻ ሰልባጅ አልኳችሁ።

ክርና መርፌ
ቢጫውን በቀዝቃዛ ውሃና ለስላሳ ሳሙና ዘፍዝፊው። በረኪና አይንካው፣ ዳንቴሉን ይበላዋል። ሽታውን ጥላ ውስጥ ለቀናት ሰቅለሽ አናፍሺው። ፀሐይ ግን ቀለሙን ያነጣዋል።

ቦሌ ተመላላሽ
የቀረጡን ነገር ያነሳ የለም? አዲስ አበባ ይዛ ከገባች ሦስት አራት ቀሚስ ከሆነ ለንግድ ነው ሊሏት ይችላሉ።

መንገደኛዋ (ጠያቂ)
አንድ ቀሚስ ብቻ ነው፣ የሚሄደውም ዋሽንግተን ነው። ላፎሬ ወይስ ክሎዜት ቻይልድ?

ቤቢ ብቻ
ቤቢ።

ቀጥ በል
አንዷ ሳትነካ ሳታይ በፎቶ ገዝታ የአገሩን ሰልባጅ ሁሉ ታወግዛለች። ሌላው አንድ ስም ደጋግሞ ይጠራል። ልጅቷ የጠየቀችው ሁለት ሱቅ ነው! አንብቡ እንጂ!

አንዴ የተቃጠለች
ገንዘቡ ያንተ ስላልሆነ ነው።

ሺንጁኩ ሠራተኛ
ተረጋጉ። እህቴ፣ ሁለቱም ቦታ እገዛለሁ፣ የማውቀውን ልንገርሽ።
አዲስ ከሆነ የታወቀ ብራንድ ቀሚስ ከ30,000 የን በላይ ያዢ። ሸሚዙ፣ ከስር የሚለበሰው ፔቲኮት፣ የራስ ጌጡ ሌላ ሒሳብ ነው። ላፎሬ ከ1978 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለ ሕንፃ ነው፣ ጥዋት 5 ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ይከፈታል። በጥርና በሐምሌ አካባቢ ትልቅ ቅናሽ አለው፣ ጉዞሽ ከገጠመ ዕድለኛ ነሽ።
ክሎዜት ቻይልድ ሄዶ መግዛት በኢንተርኔት ከማዘዝ ጋር አንድ አይደለም። እንከን ካለው ወረቀቱ ላይ ይጽፉታል፣ ስልክሽ ይተረጉምልሻል። ራስሽም አገላብጠሽ ብብቱን፣ ዚፑን፣ የዳንቴሉን ጫፍ ታያለሽ። ምርት ያቆሙ ህትመቶች (ጨርቁ ላይ የታተሙት ሥዕሎች) የሚገኙትም እዚያ ነው። እህትሽ ከቆየችበት ምናልባት የምትመኘው አሮጌ ህትመት ይኖራል፣ እሱን ጠይቂያት።
ከሁሉ በፊት ልኳን በሴንቲሜትር ያዢ፦ ደረት፣ ወገብ፣ ትከሻ። ብዙ ቀሚስ አንድ ልክ ብቻ ነው ያለው። ጀርባው ላይ ላስቲክ ያለበትን ምረጪ፣ ትንሽ ይለጠጣል። ስትለኪ ፊትሽ ላይ የሚደረግ ስስ መሸፈኛ ይሰጡሻል፣ ሜካፕ ልብሱን እንዳይነካ ነው፣ አትገረሚ። መመለስ ከባድ ነው።
ፓስፖርትሽን አትርሺ። ከቀረጥ ነፃ በሚሸጥ ሱቅ ያለ ታክስ ዋጋው 5,000 የን ከሞላ 10 በመቶው ታክስ ይቀርልሻል። ከኖቬምበር 1 ቀን 2026 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከሆነ የምትመጪው ግን መጀመሪያ ከፍለሽ፣ አየር ማረፊያ ከተረጋገጠ በኋላ ነው የሚመለስልሽ።

ቤቢ ብቻ
ላስቲክ ያለው ቤቢም አለው።

ጎቲክ ወዳጅ
ሎሊታ ግን አሁን ማን ይለብሳል? ልጆቹ ጂራይ ኬይ ነው የሚሉት። ጥቁርና ሮዝ፣ ሪባን፣ ወፍራም ጫማ። ሺቡያ 109 የሚባለው የገበያ ሕንፃ ሂጂ፣ ሊዝ ሊዛ የሚባል ብራንድ አለልሽ። ዋጋውም ይቀንሳል።

የካትሱሺካ ነዋሪ
ወንድሜ፣ እህቷ የምትወደው ሎሊታ ነው ተባለ። ሌላ ልብስ ይዛላት ብትሄድ ምን ዋጋ አለው? የልብሱ ወዳጆች እኮ እንደ ወቅቱ የሚቀያይሩት አይደሉም። አሥርና ሃያ ዓመት የለበሱ አሉ። ብራንዶቹን በሕይወት ያቆዩአቸው እነሱ ናቸው።

ክርና መርፌ
ጨርቅ ገዝታ ብታሰፋውስ? ሽሮ ሜዳ ጎበዝ ሰፊ ሞልቷል።

ሺንጁኩ ሠራተኛ
ስፌቱ ይሆናል። ህትመቱን ግን ከየት ታመጪዋለሽ? አንጀሊክ ፕሪቲ የሚባለውን የሎሊታ ብራንድ የሚገዛ ሰው የሚገዛው ህትመቱን ነው።

መንገደኛዋ (ጠያቂ)
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ልኳን ዛሬ እጠይቃታለሁ። ጫማም ጨምሬ ልግዛ ብዬ ነበር፣ እግሯ 41 ነው። ይገኛል?

ሺንጁኩ ሠራተኛ
ጃፓን ጫማ በሴንቲሜትር ነው። 41 ወደ 26 ይጠጋል። ብዙ የሴት ጫማ 25 አካባቢ ያበቃል። ከመክፈልሽ በፊት ለኪው።

ቤቢ ብቻ
ቤቢ ጫማም ይሸጣል።