የድሮ የሬቭ (የፈጣን ጭፈራ ሙዚቃ) አልበም ተሰጠኝ፤ አልገባኝም። እንዴት ላዳምጠው?

ጥያቄ (ከለንደን)
ጤና ይስጥልኝ። አብሮኝ መጋዘን ውስጥ የሚሠራ፣ ዕድሜው ሃምሳን ያለፈ አንድ እንግሊዛዊ አለ። ባለፈው ሳምንት የወጣትነቱን አልበም፣ ዘ ፕሮዲጂ የተባለውን ቡድን «ኤክስፒሪየንስ»፣ በሲዲ አምጥቶ «ሰምተህ የመሰለህን ንገረኝ» አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣ ባለ 12 ዘፈን አልበም ነው። እኔ በጥላሁንና በማህሙድ ያደግኩ ሰው ነኝ። ሦስት ጊዜ ሞክሬ ከአራተኛው ዘፈን ማለፍ አልቻልኩም። ግጥም የለው፣ ዜማው ገና ሲጀመር ይቆረጣል፣ የሚዘፍኑትም የጫጩት ድምፅ ነው ያላቸው። ሰውየውን መዋሸት አልፈልግም፤ «አልወደድኩትም» ብዬ ብቻ መመለስም ነውር መሰለኝ። ከየት ልጀምር?

ባለ ቴፑ
በመጀመሪያ፣ በምንድን ነው ያዳመጡት?

ጠያቂው
ሲዲ ማጫወቻ ስለሌለኝ ያንኑ አልበም ስልኬ ላይ ከፍቼ፣ ወጥ ቤት አስቀምጬው።

ባለ ቴፑ
እንግዲያው የሰሙት የክዳኑን መንኳኳት ነው፤ ወጡ ከታች ቀርቷል። የስልክ ድምፅ ማውጫ ቤዙን፣ ማለትም ወፍራሙን የታች ድምፅ፣ አያወጣም፣ የዚህ ሙዚቃ ግማሽ ደግሞ ቤዙ ነው። ደህና የጆሮ ማዳመጫ ያድርጉ። ከዚያ ከበሮውን አይከተሉ። ስምንተኛው ዘፈን በርዕሱ ላይ 155 የሚል ቁጥር አለው፤ በደቂቃ የሚመታው ምት ነው። ያንን ሁሉ ልቁጠር ያለ ሰው ራሱ ቢዞር አይፈረድበትም። ቤዙን ተከትለው በየሁለት ምቱ አንድ ጊዜ ራስዎን ይነቅንቁ፤ ፍጥነቱ ወደ 77 ይወርድልዎታል። በዚያ ፍጥነት ሰው ተረጋግቶ ይራመዳል።

ሸክላ ሰብሳቢዋ
የጫጩቱን ነገር እኔ ልመልስ። የቴፕ ባትሪ ሲደክም የዘፋኙ ድምፅ ይወፍር እንደነበር ያስታውሳሉ? ይህ የዚያ ተቃራኒ ነው። ሙዚቃውን የሠራው ሊያም ሃውሌት በኤሴክስ፣ ቤቱ ውስጥ፣ ሮላንድ ደብልዩ 30 በተባለ ኪቦርድ ከድሮ ሸክላ ድምፅ እየቆረጠ ያጣብቅ ነበር። የተቆረጠው ድምፅ ከፈጣን ከበሮ ጋር እንዲሄድ ሲፋጠን ይቀጥናል። ስለዚህ «ዘፋኙ ማነው?» ብለው አይፈልጉ፤ «ይህ ቁራጭ ከየት መጣ?» ብለው ይፈልጉ። በሰባተኛው ዘፈን ይጀምሩ። በሩጫው መካከል ድንገት በር ተከፍቶ ሬጌ ይገባል። ማክስ ሮሚዮ የተባለው ጃማይካዊ በ1976 የዘፈነው፣ የብረት ሸሚዝ ለብሶ ሰይጣንን ስለሚያባርር ሰው የሚያወራ ዘፈን ነው። ሮሚዮ ራስታ ነበር፤ እኛን ፈጽሞ የማይነካ ሙዚቃ ነው ብለው ከሆነ እዚያ ጋ ጆሮዎን ይስጡ።

ተጠራጣሪው
ወንድሜ፣ ጊዜህን አታባክን። ይህ ሙዚቃ የተሠራው ተቀምጦ ለሚያዳምጥ ሰው አይደለም። ከለንደን ዙሪያ ሜዳና ባዶ መጋዘን ውስጥ ሺህ ሰው ሆነው እስኪነጋ የሚጨፍሩበት ነበር። ሠርግ የሌለበት የሠርግ ዘፈን ማለት ነው። መንግሥትም አልወደደውም፤ በ1994 የወጣው ሕግ ፖሊስ እንዲበትን የተፈቀደለትን ሙዚቃ ሲገልጽ «ተደጋጋሚ ምት» የሚል ሐረግ ሳይቀር አስገብቷል።

ሸክላ ሰብሳቢዋ
ጉራጊኛስ ተቀምጠው ሲሰሙት ትከሻ አያስነሳም? ይልቅ ቆመው፣ ዕቃ እያጠቡ ያዳምጡት።

የአራዳው
ስድስተኛውን ዘፈን፣ «ቻርሊ»ን፣ እንዳይዘሉት። እዚያ የሚጮኸው ድመት የእንግሊዝ ልጆች በ1970ዎቹ በቴሌቪዥን ያዩት የነበረ የሥዕል ፊልም ድመት ነው። ለእናትህ ሳትነግር ከቤት አትውጣ እያለ ይመክራቸው ነበር። አባባ ተስፋዬ «ጤና ይስጥልኝ ልጆች» ሲሉ ድምፃቸው ተቆርጦ በእብድ ከበሮ ላይ ቢቀመጥ እኛ ምን እንደምንሆን ያስቡት፤ ግማሹ ይስቃል፣ ግማሹ ይቆጣል። በእንግሊዝም እንደዚያው ሆነ። ዘፈኑ በ1991 ከሽያጭ ሠንጠረዡ ሦስተኛ ደረጃ ደረሰ፤ አንድ የዳንስ መጽሔት ደግሞ ሬቭን የገደለው ይህ ዘፈን ነው ወይ ብሎ ጻፈ። ባልደረባዎን ስለ ድመቱ ይጠይቁት፤ ከማንኛውም አስተያየት ይበልጥበታል።

ጠያቂው (ከአምስት ቀን በኋላ)
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የጆሮ ማዳመጫው ነገሩን ለወጠው፤ ቤዝ እንዳለው እንኳ አላውቅም ነበር። ዘጠነኛውን ወደድኩት፤ በአየር ትንበያ ጀምሮ ቀስ እያለ የሚነሳውን። ስምንት ደቂቃ ገደማ ነው፣ ለዕቃ ማጠቢያ ልክ ይበቃል። አምስተኛውን አሁንም አልችለውም። ስለ ድመቱ ስጠይቀው ሰውየው ሻዩን አስቀምጦ የምሳ ሰዓታችን እስኪያልቅ ሲያወራ ዋለ፤ እናቱ ሳታውቅ ወደ ጭፈራ የሄደበትን ሌሊት ሁሉ ነገረኝ። የማክስ ሮሚዮን ዘፈን ግን ሙሉውን ፈልጌ አገኘሁትና ከአልበሙ ይልቅ እሱን ነው የምሰማው። ይህንንም ነገርኩት፤ አልተቀየመም።