የበጀት አያያዝ ትምህርት በኦንላይን፦ ለአዲስ ተማሪዎች ግዴታ ይሁን?

አወያይ፦ በጅማ ለሚማሩ አዲስ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የግል በጀት አያያዝ በኦንላይን በግዴታ ይሰጥ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ሐሳቡን ያመጡት መምህርት ትምህርቱ በትምህርት ቀረጻ ንድፈ ሐሳብ፣ ማለትም ትምህርት እንዴት እንደሚነደፍ በሚያስረዳው ሐሳብ፣ ከተዘጋጀ ውጤት ያመጣል ይላሉ፤ ተቃዋሚዎች ደግሞ የተማሪው ችግር የገንዘብ እጥረት እንጂ የዕውቀት ማነስ አይደለም ባዮች ናቸው።

መምህርት (ሥነ ትምህርት)፦ ብዙዎቹ የኦንላይን ትምህርቶች የበጀትን ትርጉም በማስረዳት ይጀምሩና ተማሪው ሳይሠራበት ያልቃሉ። የትምህርት ቀረጻ ሙያ ግን ከመጨረሻው ይነሣል፤ አስቀድሞ የሚጠየቀው ተማሪው ሲጨርስ ምን መሥራት ይችላል የሚለው ነው። ለእኔ መልሱ፣ ከቤት የተላከለት 2,000 ብር ለስምንት ሳምንት ሲካፈል በሳምንት 250 ብር እንደሚደርሰው ዐውቆ የኮፒውን፣ የሳሙናውን፣ የዳታውንና የባጃጁን ወጪ ገንዘቡ ሳይነካ መመደብ መቻሉ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጆን ስዌለር እ.ኤ.አ. በ1988 ያቀረቡት የአእምሮ ጫና ንድፈ ሐሳብ እንደሚያስረዳው፣ ሰው በአንድ ጊዜ ሊይዝ የሚችለው አዲስ ነገር ውስን ስለሆነ ለጀማሪ ባዶ ሠንጠረዥ ሰጥቶ ሙላ ማለት ጉልበቱን ያለ ጥቅም ያደክማል። መጀመሪያ ተሠርቶ ያለቀ በጀት ይመልከት፤ ቀጥሎ ሁለት መስመር የጎደለው ይሰጠው፤ የራሱን ከዚያ በኋላ ይሥራ።

ተማሪ (ሦስተኛ ዓመት፣ ኖን ካፌ፣ ማለትም ከዩኒቨርሲቲው ካፌ የማይመገብ)፦ መምህርት፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ለማካፈል መጀመሪያ 2,000 ብሩ መኖር አለበት። ቤተሰቦቼ ቡና አምራቾች ስለሆኑ ገንዘብ የሚልኩልኝ ቡና ተለቅሞ ሲሸጥ ነው፤ ክረምት ሲቃረብ እነሱም የላቸውም። በየወሩ እኩል ገቢ አለ ብሎ የሚነሣ ሠንጠረዥ ለደመወዝተኛ እንጂ ለእኔ አልተሠራም። ተመራማሪዎቹ ፈርናንዴስ፣ ሊንችና ኔትማየር እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት፣ 201 ጥናቶችን ባሰባሰበ ሥራ ደግሞ፣ በሰዎች የገንዘብ አጠቃቀም መካከል ካለው ልዩነት የገንዘብ ትምህርት የሚያብራራው 0.1 በመቶውን ብቻ ሆኖ ተገኝቷል። ለዚህ ብዬ ዳታዬን በቪዲዮ አልጨርስም።

የተማሪ እናት (በጅማው ሂርማታ ገበያ ነጋዴ)፦ ሁለታችሁም ዕቁብን ረሳችሁት። እኔ የበጀት ትምህርት አልተማርሁም፤ ነገር ግን ሐሙስ ገበያ ውዬ ስመለስ የዕቁቡ ጸሐፊ ስለሚጠብቀኝ የዕቁቡ ብር እጄ ላይ አያድርም። ልጄም መቆጠብ የጀመረችው ከዶርም ጓደኞቿ ጋር ትንሽ ዕቁብ ከገባች ወዲህ ነው።

መምህርት፦ እናታችን፣ ዕቁቡ በትምህርቱ ውስጥ የቡድን ሥራ ሆኖ ቢገባ ደስ ይለኛል። ወንድሜ፣ የጠቀስኸው ቁጥር ትክክል ነው፤ ግማሹን ግን ትተኸዋል። እነዚያው አጥኚዎች የትምህርቱ ውጤት ጊዜ ባለፈ ቁጥር እንደሚደበዝዝ አሳይተው፣ ትምህርቱ ውሳኔው በሚሰጥበት ሰዓት አካባቢ ቢሰጥ እንደሚሻል ሐሳብ አቅርበዋል። ካይዘርና ሉሳርዲ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2022 ያሳተሙት፣ ተሳታፊዎቹ በዕጣ የተመደቡባቸውን 76 ሙከራዎች የመረመረው ሥራም በዕውቀትም በአጠቃቀምም ላይ በጎ ውጤት አግኝቷል። እንግዲህ የቡናው ወቅት ሐሳቤን አያፈርሰውም፤ እንዲያውም ትምህርቱ መቼ መሰጠት እንዳለበት ይነግረኛል። ገንዘቡ በኅዳር የሚደርሰው ተማሪ ትምህርቱን በኅዳር ያግኝ፤ ቪዲዮው ቀርቶ በአጭር ጽሑፍ ይላክለት።

ተማሪ፦ በጊዜው ተስማምቻለሁ፤ በግዴታው አይደለም። ግዴታ ከሆነ ፈተና ይኖረዋል፤ ፈተናው መልስ የሚመረጥበት ከሆነ መልሱ በቴሌግራም ይዞራል። የቴሌብር ሒሳቤን እንዳሳይ ብጠየቅ ደግሞ፣ ለማን ስንት እንደላክሁ መምህር የሚያይበት ምክንያት አይታየኝም።

መምህርት፦ የማንንም ሒሳብ ማየት አልፈልግም። የአንድ ምናባዊ ተማሪ ገቢና ወጪ ይሰጠውና፣ ገንዘቡ በስድስተኛው ሳምንት ሲያልቅ ከየትኛው ወጪ እንደሚቀንስና ለምን እንደሆነ በጽሑፍ ያስረዳ። ግዴታውን ግን አልለቅም፤ በፈቃደኝነት ከሆነ የሚመጡት ድሮም ገንዘባቸውን የሚቆጣጠሩት ናቸው ብዬ እሰጋለሁ።

የተማሪ እናት፦ ግዴታ ከሆነ የዳታውን ሒሳብ ያዘዘው ክፍል ይክፈል። እኛ ከምንልከው ላይ የሚነሣ ከሆነ ግን እኔም ከተማሪው ጋር ነኝ።