ኮትሪም ጀምሬ ሰውነቴ ሽፍ አለ

ጥያቄ፦ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። የኤችአይቪ መድኃኒት ከጀመርኩ ወር አልሞላኝም። አብረው ኮትሪሞክሳዞል (ኮትሪም፣ ሌላ ኢንፌክሽን እንዳይዘኝ የሚከላከል ኪኒን) ሰጡኝ። በ10ኛው ቀን ደረቴና ጀርባዬ ሽፍ አለ፤ ሌሊቱን ሳክክ አደርኩ። ጎረቤቴ «ምች ነው» ብላ በዳማከሴ አሸችኝ። ሁሉንም ላቁም?

መልስ፦ እህቴ፣ በራስሽ አታቁሚ። ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሂጂ። ኮትሪም ሰልፋ የሚባል የመድኃኒት ዓይነት አለው፤ ኤችአይቪ ያለብን ሰዎች ላይ ሽፍታ ያበዛል። እኔንም በ2ኛው ሳምንት ያዘኝ፣ ዳፕሶን በሚባል ሌላ መድኃኒት ቀየሩልኝ።

መልስ፦ ነርስ ነኝ። ትኩሳት፣ የአፍ ቁስል፣ የዓይን መቅላት ወይም የቆዳ መላጥ ካለሽ ግን ቀጣዩን ኪኒን ሳትውጪ ድንገተኛ ክፍል ግቢ። ሌሊትም ቢሆን።

ጠያቂዋ፦ አፌ ደህና ነው። ኪኒኖቹን በፌስታል ይዤ ታክሲ ወረፋ ላይ ነኝ።